የሲስተር ይርጋነሽ መኪና ለምን ጨሰች

ሲስተር ይርጋነሽ ቢቸና የመጡት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አሰላ ተወልደው፣ ነርስነት ተምረው፣ የመጀመሪያ ምደባቸው ቢቸና ደረሳቸው። "ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ" ብለው እንደመጡ ከአርባ ዓመት በላይ ቆዩ። ያስቀራቸው የሂሳብ መምህሩ ስጦታው ነው። አገባቸው፤ ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን በእሳቸው እጅ ያልተወለደ የቢቸና ጎረምሳ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

እኔ አጥር የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ። ይታገስ እባላለሁ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ።

ስጦታው ሲያገባቸው የነበረው ንብረት አንድ ሣጥን መጽሐፍና አንዲት ቀይ መኪና ነበር። መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ የድሮ ስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ቦርሳ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሌላ የላትም። አዲስ አበባ ሲያስተምር አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ነው የገዛት። ከፍታዋ ከሰው ወገብ እምብዛም ስለማያልፍ ሰው "ጠፍጣፋዋ" ብሎ ሰየማት። ለእኛ አገር መንገድ የምትሆን አልነበረችም። ስጦታው ግን ከፍ እንድትል ከሥር ባሌስትራ አስጨምሮ፣ ድንጋይ ባየ ቁጥር ወርዶ በእጁ እያነሳ፣ ዕድሜ ልኩን ነዳት። ሚስቱንም መንዳት አስተማራቸው። ያኔ ቢቸና ውስጥ መሪ የጨበጠች ሴት ሲስተር ይርጋነሽ ብቻ ነበሩ።

ስጦታው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ጓሯቸው ጥግ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። ሲስተር በወር አንዴ ያስነሷታል፣ አቧራዋን ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያጠፏታል። እንዲያ ሆና ወደ ሁለት ዓመት ቆየች።

ከዚያ ነው ያ ቀን የመጣው። ከደብረ ወርቅ ወዲህ ካለ አንድ ቀበሌ አንዲት ወላድ ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ይዟት ልጁ አልመጣ ብሎ ቤተ ዘመዶቿ ሲስተር ጋ ደወሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰው ግን ስልካቸውን አልረሳም። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ደብረ ማርቆስ ሄዷል። ሲስተር ቁልፉን አንስተው ወጡ። ወላዷን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ጥለው፣ ወደ ቢቸና ሲመለሱ ከመሪው ፊት የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ስጦታው ያቺ መብራት ከበራች መኪናውን እዚያው አጥፍቶ መውረድ ነው እንጂ አንድ ሜትር መንዳት እንደማይገባ ስንት ጊዜ ነግሯቸዋል። ሲስተር ወላዷን አዩ፣ መብራቱን አዩ፣ ነዱ። ሆስፒታል ደረሱ፤ እናትም ልጅም ተረፉ።

ይህን የሰማሁት በኋላ ሞጣ ላይ ነው። ለማንም አልተናገሩትም ነበር።

እኔ ያወቅሁት ከዚያ ሰሞን ጀምሮ መኪናዋ መጨስ እንዳመጣች ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሳ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣና ልብስ ባሰጣንበት ላይ ይነጠፋል። ከሥሯ የዘይት ኩሬ ይጠራቀማል። ሲስተር ዘይት ይጨምራሉ፤ ዘይቱ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ መካኒኩን ዓለምነህን ጠሩት።

ዓለምነህ በእኛ ከተማ የታወቀ ባለሙያ ነው፤ አይሱዙ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ ከኋላ ሄዶ ጭሱን አሸተተ፣ ከሥር ተኝቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት እንደሆነ፣ ዘይቱን ከታች የሚያግደው የፒስቶኖቹ ቀለበት፣ ፋሻው፣ እንዳለቀ፣ ከኋላም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ እንደተበጠሰ ነገራቸው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ አይሆንም፤ ቢፈታም ደግሞ የዚህች መኪና ፒስቶን ከየት ይመጣል? ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃቸው።

"ሲስተር፣ የዘይት መብራት በርቶ ነድተዋት ያውቃሉ?"

ሲስተር ፊታቸውን አዙረው የመኪናዋን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ዓለምነህም ደግሞ አልጠየቀም። 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁኔታቸው ተለወጠ። አንዴ ሻይ እየጠጣን "ሰውዬው አርባ ዓመት ጠብቆ የሰጠኝን በአንድ ጠዋት ገደልኩበት" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው ወሬ ለወጡ። አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ መጥቶ መኪናዋን ለብረቷ ልውሰድ ሲላቸው አይሆንም አላሉም፤ ላስብበት ብለው ሸኙት። እምቢ አለማለታቸው እኔን አስደነገጠኝ።

ዓለምነህ ጋ ሄጄ እውነት ተስፋ የላትም ወይ አልኩት። ጥሩ ሰው ነው፤ በቃሉ ድርቅ አላለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና እኔም ያየሁት በዓይኔና በአፍንጫዬ እንጂ በመሣሪያ አይደለም አለ። ሞጣ አንዲት ልጅ እንዳለች፣ ሳትፈታ ሞተር የምትለካ መሆኗን፣ እሷ አልቋል ካለች በቃ ማለቁን ነገረኝ። ስሟ ሀሲና ነው።

ሲስተርን ለማሳመን አንድ ሳምንት ወሰደብኝ። ዓቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቶ ነበርና፣ አንድ ጀሪካን ዘይት ጭነን ማለዳ ተነሳን። ደብረ ወርቅ ላይ ቆመን ጨመርን፤ ግንደወይን ላይ ደግሞ ጨመርን። ቁልቁለት ወርደን ቤንዚን በረገጡ ቁጥር ከኋላችን ያለው መንገድ በጭስ ይጠፋል። ሲስተር በመስታወቱ ያዩና ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ሞጣ ስንደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ሀሲና ሙሂዲን ሠላሳ ዓመት ይሆናታል። አባቷ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ሱቁን እንድትረከብ ነበር ሐሳባቸው። እሷ ግን ባሕር ዳር ቴክኒክና ሙያ ገብታ ሞተር ተማረች። ተመልሳ መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ የወፍጮ ቤት ሞተር መጠገን ነው። ከወፍጮ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ መኪና አለች። ግቢዋ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ሻርፗን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ ወጣችና ጠፍጣፋዋን ስታይ ፈገግ አለች። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረች። ምንም አልነካችም።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። የምትጨሰው መቼ ነው? ጠዋት ስትነሳ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ዳገት ስትወጣ ነው ወይስ ቁልቁለት ስትወርድ? ጭሱ ነጭ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ሰማያዊ? ሲስተር ለብዙ ዓመት በሽተኛ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸውና አጠያየቋ ደስ እንዳላቸው ገባኝ፤ በዝርዝር መለሱላት። ጥቁር ቢሆን ቤንዚን በዝቶባታል እንደሚባል፣ ነጭ ሆኖ ካልጠፋ ውሃ ገብቷል እንደሚባል ነገረችን። የራዲያተሩን ክዳን ከፍታ ውሃው ላይ ዘይት አለመኖሩን አየች። ከዚያ "እስቲ እርስዎ ይንዱልኝ" ብላ ከጎናቸው ገባች። እኔ ቦታ ስለሌለ ቀረሁ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ሲመለሱ ሀሲና ዳገቱን ሙሉ ወደ ኋላ ዞራ ስታይ እንደነበር፣ ዳገት ላይ አንድም ጭስ እንዳልወጣ ነገረችኝ። የፒስቶን ፋሻ ቢያልቅ ሞተሩ ሲጨነቅ ነበር የሚብሰው። ይህች ግን የምትጨሰው ስትነሳና ቁልቁለት ወርዳ ቤንዚን ስትረገጥ ነው። ያ ደግሞ ዘይቱ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ በቫልቮቹ በኩል እየገባ መሆኑን ያሳያል።

ሲስተር አላመኑም። "አታጽናኚኝ ልጄ" አሏት። "እውነቱን ንገሪኝ።"

"አላጽናናዎትም። ገና አልለካሁም" አለች ሀሲና።

ከሰዓቱን ሙሉ በማጠብ አሳለፈች። ሞተሩን በናፍጣና በሳሙና አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ነጭ የሕፃን ፓውደር ከላይ እስከ ታች ነሰነሰችበት። ከሥር ንጹሕ ካርቶን ዘረጋች። ከዚያ አስነስታ ጠበቅን። ዓለምነህ ከኋላ ታች ነው የሚያፈሰው ብሎ ነበር፤ እውነትም ካርቶኑ ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ እዚያው ወደቀች። ፓውደሩ ላይ ግን መንገዷ በግልጽ ይታይ ነበር። ዘይቱ የሚመነጨው ከላይ፣ ከሞተሩ ክዳን ሥር ካለው ማሸጊያ፣ ከጓርኒሲዮኑ ነው፤ በሞተሩ ጀርባ ቀጭን መስመር ሠርቶ ወርዶ፣ ታች ደርሶ ይንጠባጠባል። ከሥር ተኝቶ ለሚያይ ሰው ከታች የመጣ ይመስላል።

እኔ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ሀሲና ግን አልተደሰተችም። ሞተሩ እየሠራ ዘይት የሚጨመርበትን ክዳን ስትከፍት ጢስ ቡልቅ ብሎ ፊቷ ላይ ወጣ። የላስቲክ ጓንት አምጥታ አፉን በቀዳዳው ላይ አሰረችው። ጓንቱ ቀስ እያለ ተነፋ፤ አምስቱም ጣቶች ቀጥ ብለው ቆሙ።

 ሞተሩ ውስጥ መኖር የሌለበት ግፊት አለ። አንዱ ምክንያት ያለቀ ፋሻ ነው። ሲስተር ከተቀመጡበት ትንሽ የእንጨት ዱካ ተነስተው አጥሩ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጡን።

ጀምበር ስላዘቀዘቀች መለካቱ ለነገ ሆነ። የሀሲና እናት ዑሙሰልማ ሆቴል አትገቡም ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ሲስተር ጾመኛ መሆናቸውን ሳይነገራቸው አውቀው፣ ሽሮውን በዘይት በአዲስ ድስት ሠርተው፣ ድስቱ ሥጋ ነክቶ እንደማያውቅ ራሳቸው ተናገሩ። ሁለቱ ሴቶች ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ደም ግፊት ብዙ አወሩ። ሲስተር ግን ሦስት ጉርሻ እንኳ በሥርዓት አልበሉም።

በማግስቱ ሀሲና ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን አራት ካንዴላዎች ፈትታ በየቀዳዳቸው የግፊት መለኪያ ገጠመች፤ ሲስተር ቁልፉን ሲያዞሩ መርፌው የሚደርስበትን ካርቶን ላይ ጻፈች። አንደኛው አሥር ተኩል። ሁለተኛው አሥር። ሦስተኛው ስድስት። አራተኛው አሥር ተኩል።

"ስድስት" አሉ ሲስተር። ሌላውን አልሰሙትም።

ሀሲና በትንሽ ማንኪያ ዘይት ቀድታ በሦስተኛው ቀዳዳ አፈሰሰች። ፋሻው አልቆ ከሆነ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን መርፌው ከፍ ማለት እንዳለበት፣ ከፍ ካላለ ግን በሽታው ሌላ ቦታ መሆኑን አስቀድማ ነገረችን። ደግማ ለካች። ስድስት። እንደገና። ስድስት።

የሞተሩን ክዳን አነሳች። የሦስተኛው ፒስቶን ቫልቭ መላወሻ ክፍተት ስላልነበረው ቫልቩ በደንብ አይዘጋም ነበር። ቡሎኑን አላልታ፣ በቀጭን ብረት እየለካች፣ መልሳ አጠበቀችው። አሁን ስትለካው መርፌው አሥርን ነካ። ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው መርፌውን ጠጋ ብለው አዩት።

ሀሲናን ያስቸገራት አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ፒስቶኖቹ ጤነኛ ከሆኑ ጓንቱን የነፋው ምንድን ነው? ሞተር ሲሠራ ውስጡ የሚጠራቀመውን አየር የሚያወጣበት መተንፈሻ ቱቦ አለው። በዚህች መኪና ቱቦው ከሞተሩ ጎን ወጥቶ ወደ መሬት ይወርዳል። ሀሲና ከሥር ገብታ አፏን ቱቦው ላይ አድርጋ ነፋች። አያሳልፍም። ፈትታ አወጣችውና በቀጭን ሽቦ ስትጎረጉር ደረቅ ጭቃ ቁራሽ ቁራሽ ሆኖ ወረደ። በጭቃው ውስጥ የተርብ ዕጭ ቅርፊት ነበረበት። መኪናዋ ቆርቆሮው ሥር ሁለት ዓመት ስትቆም ተርብ ቱቦው ውስጥ ገብታ ጎጆዋን ሠርታበታለች።

ሀሲና መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። የታፈነው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በክዳኑ ጠርዝም፣ ባረጁት የቫልቭ ጎሚኒዎችም እየገፋ ያስወጣው እንደነበር አስረዳችን። ጭሱም ፍሳሹም ከዚህ ነው።

ይህን ጊዜ ነው ሲስተር የተናገሩት። የወላዷን ነገር፣ የመብራቱን ነገር፣ ሳያቆሙ መንዳታቸውን፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ነገሯት። "እውነቱን ማወቅ አለብሽ። ሞተሩን የጎዳሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ሀሲና እጇን በጨርቅ ጠረገችና እንደ ትናንቱ ጠየቀቻቸው። መብራቱ ሳያቋርጥ በርቶ ነበር ወይስ ብልጭ ድርግም ይል ነበር? ሲስተር አስበው፣ መታጠፊያዎች ላይ ብልጭ ይልና ይጠፋ እንደነበር ተናገሩ። ሞተሩ ድምፅ ነበረው? ቀጭ ቀጭ ይል ነበር? አልነበረውም።

"እንግዲህ ዘይቱ አንሶ መታጠፊያ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር እንጂ አላለቀም። ቢያልቅ ኖሮ ሞተሩ ይጮህ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ አይለካም" አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ እንዲህ አለቻቸው፤ "እማማ፣ እርስዎ ኋላ የመጣውን ፊት አድርገውታል። መብራቱ የበራው ዘይቱ ቀድሞ ስላፈሰሰ ነው። ያፈሰሰው ደግሞ ቱቦው ስለተዘጋ ነው። ያን ቀን ባይነዱም ትጨስ ነበር።"

ሲስተር ይርጋነሽ ዱካው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጭቃውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፤ እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም። ዑሙሰልማ ውሃ ይዘው መጥተው ሲስተር ምን ሆኑ ብለው ልጃቸውን በዓይን ጠየቁ። ሀሲና ደህና ናቸው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ሲስተር ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው የሚበላ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

የቀረው ሥራ የእጅ ሥራ ነበር። ለቫልቮቹ በልክ የሚገጥም የሌላ ዓይነት መኪና ጎሚኒ አገኘች፤ ባሕር ዳር ያለ ወንድሟ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከላት። ቫልቮቹ ወደ ውስጥ እንዳይወድቁ በካንዴላው ቀዳዳ ናይለን ገመድ ጠቅልላ አስገብታ፣ ፒስቶኑን ወደ ላይ አምጥታ በገመዱ ደገፈቻቸው። አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች በጣቷ መካከል እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረካከሱ። ለክዳኑ አዲስ ጓርኒሲዮን ከቡሽ ቆርጣ ሠራች። ቱቦው ጫፍ ላይ ተርብ እንዳትገባ ወንፊት አሰረችበት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ፣ ሲስተር ቁልፉን አዞሩ። ሀሲናና እኔ ከኋላ ቆመን ነበር። ጠፍጣፋዋ ተነሳች። ከጭስ ማውጫዋ የጠዋት ብርድ ላይ የሚታይ ስስ እንፋሎት ወጣና ወዲያው ጠፋ። ሀሲና መዳፏን ጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ያዘች፤ አሸተተችው፤ እኔንም አስሸተተችኝ። ጓንቱንም እንደገና አስራ አየች፤ እንደተጨማደደ ቀረ።

ትንሽ እንደምታፈስ ግን አልደበቀችም። አሮጌ ሞተር ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጠብታ ብታዩ አትደንግጡ፣ ዘይቱን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለኩ አለች። ለዓለምነህም ደውላ ያገኘችውን ሁሉ ነገረችው። እሱ ስለ ጓንቱ ዘዴ ደጋግሞ ጠየቃት፤ መታረሙ ቅር ያሰኘው አይመስልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልገባው ሞተር ሲገጥመው እንደሚደውልላት አውቃለሁ።

ዑሙሰልማ ለመንገድ ቆሎ ቋጥረው ሰጡን። ሲስተር ሀሲናን ግንባሯን ሳሟትና ወደ እኛ አገር ስትመጣ ሌላ ቤት እንዳትገባ አስማሏት።

ስንመለስ አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ሲስተር ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በመስታወት እያዩ ነዱ፤ ከኋላችን ያለው መንገድ እስከ መጨረሻው ይታያል። ግንደወይን ስንደርስ ዳር ይዘው ቆሙና ዘይቱን ለኩ። መስመሩ ጠዋት የነበረበት ነው። መለኪያውን ጠርገው መለሱት። ከዚያ ዞረው በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈቱ።

"ውረድ ይታገስ። ደክሞኛል፣ አንተ ንዳ" አሉኝ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት። እሳቸው ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። ከተማውን ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሰላም ሊለን ወደ መኪናዋ ሲቀርብ እንዳይቀሰቅሳቸው ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁትና በዝግታ አለፍኩ።